ሁለተኛው ሚስማር

«አቧራውን ልጠርግለት ብዬ ነው» አለች እናትየው፣ በርጩማው ላይ እንደ ቆመች፣ ፊቷን ሳታዞር።

ልጅቷ ምንም አልጠየቀቻትም። ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ ሶፋው ላይ እንደ ተኛች ዓይኗን ገና መግለጧ ነበር፤ ያነቃትም የበርጩማው እግር ሲሚንቶውን ሲፍቀው ነው። ሳትጠየቅ የምትመልስ እናት ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር እንዳለ ደግሞ ልጅ አይስተውም። ፎቶው ከሚስማሩ ወረደ። እናትየው መስታወቱን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ የሕፃን ፊት እንደሚጠረግ ቀስ አድርጋ፣ ጥግ ጥጉን ሳታስቀር። ከዚያ ወደ ቦታው በመመለስ ፈንታ በታጠበ አንሶላ ጠቅልላ ወደ ውስጠኛው ክፍል ይዛው ገባች። የቁም ሣጥኑ በር እንደ ወትሮው አቃሰተ፤ ብርድ ልብስ ሲነሣና ተመልሶ ሲቀመጥ ተሰማ። ስትመለስ እርጥብ ጨርቅ ይዛለች። ፎቶው የነበረበት ቦታ፣ የዓመታት አቧራና የእጅ ወዝ ካጠቆረው ግድግዳ መካከል፣ ፈካ ያለ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል። እሱን ታሸው ጀመር።

«ተይው እማ።»

«እድፍ ነው እኮ።»

እድፍ አልነበረም። እድፉ የቀረው ግድግዳ ነው። ባሸችው ቁጥር አራት ማዕዘኑ ይብሱን ነጣ፤ እናትየውም መጨረሻ ላይ ጨርቁን ጨምቃ፣ ባዶውን ሚስማር አንድ ጊዜ በጣቷ ነካ አድርጋ፣ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች።

ቀኑ እናትየው ያገባችው ሾፌር ዕቃውን ይዞ የሚገባበት ቀን ነበር። ባለፈው ሳምንት እናትየውና እሱ ማዘጋጃ ቤት ሄደው፣ ሁለት ሁለት ምስክር አቁመው ፈርመው፣ ሻይ ጠጥተው ተመልሰዋል። ከምስክሮቹ አንዷ ልጅቷ ነበረች። ፈርማለች፤ ሻዩንም ጠጥታለች። እናቷ ብቻዋን እንድታረጅ የምትመኝ ልጅ አይደለችም። ሰውየውንም አትጠላውም፤ እንዲያውም የሚጠላ ነገር ቢኖረው ይቀላት ነበር። ድምፁ ዝግ ያለ፣ እጁን ሳይታጠብ ዳቦ የማይነካ፣ ዕድሜውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታው የተቃረበ ሰው ነው። እሱ ልጅቷን «መምህርት» ይላታል። እሷ ግን እስከ ዛሬ ምንም ብላው አታውቅም። «ጋሼ» ልትለው ብትል አፏ አልታዘዝ አላት፤ በስሙ መጥራት ደግሞ ድፍረት ነው። ስለዚህ ሳል እያደረገች፣ ወይም ፊቱ መጥታ እየቆመች «ሻይ ይጨመርልዎ?» ስትል ወራት አለፉ። ስም የሌለበት አክብሮት ምን ያህል እንደሚበርድ የደረሰበት ያውቀዋል፤ ሾፌሩ ግን አንድም ቀን ቅር ያለው አይመስልም ነበር።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ውስጠኛው የእናትየው መኝታ ነው፤ የፊተኛው ቀን ሳሎንና ስፌት ቤት፣ ሌሊት የልጅቷ መኝታ ይሆናል። ስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር፣ ሶፋው ከግድግዳው ጋር፣ ከሶፋው በላይ ያ ፎቶ። አባትየው ማተሚያ ቤት ይሠራ ነበር። ሲታተም ቀለም የደረበ፣ ዘሞ የተቆረጠ ወረቀት ወደ ቤት ያመጣል፤ ማተሚያ ቤቱ መዝገበ ቃላት ሲያትም በከረመበት ዓመት ልጅቷ እንግሊዝኛን የጀመረችው በእነዚያ የተበላሹ ገጾች ነው። እሱ ራሱ ብዙ አያውቅም። ግን ከሥራ ሲመለስ አጠገቧ ቁጭ ይልና፣ አንድ ዓይነት ፍቺ የተሰጣቸው ሁለት ቃላት ሲያይ «ቃል ዘመድ እንጂ መንታ የለውም፤ የሚለያዩበትን ፈልጊ» ይላታል። ፈልጋ ፈልጋ እነሆ የእንግሊዝኛ መምህርት ሆናለች። ፎቶው ላይ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ የፊት ጥርሱ አንዱ ስለወለቀ ከንፈሩን ገጥሞ እየሳቀ ነው። የሚያውቀው ሰው ሲያየው ያን የታፈነ ሳቅ ይሰማዋል። ከሞተ ወዲህ ልጅቷ ማታ ማታ መብራት ከማጥፋቷ በፊት ቀና ብላ ታየዋለች፤ ጸሎቷንም እዚያው ታደርሳለች።

በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር የምታስተምር ጓደኛ አለቻት። አብራት ትኖር የነበረችው ሴት አግብታ ስለወጣች አንድ አልጋ ባዶ ነው፤ ትናንት «እስከ ነገ እጠብቅሻለሁ፤ ከነገ ካለፈ ግን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» ብላታለች። እናትየው ይህን አታውቅም። ልጅቷም እስከዚያች ጠዋት ድረስ አንዴ ልሂድ፣ አንዴ ልቅር ስትል ነበር። ያ ነጭ አራት ማዕዘን ወሰነላት።

«ዛሬ ቶሎ ነይ፣ እሺ?» አለች እናትየው ክር በመርፌው ቀዳዳ እያስገባች። «እራት አብረን እንብላ። ሾርባ እሠራለሁ።»

«እሺ።»

«ቅር ብሎሻል?»

«ምን ቅር ይለኛል።»

«ሆድሽን አውቀዋለሁ እኮ፣ እኔው ነኝ የወለድኩሽ።»

«ካወቅሽው ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

ስፌት መኪናው መንኳኳት ጀመረ። እናትየው የሾፌሩን ሰማያዊ መጋረጃ ለዚህኛው መስኮት ስላጠረ፣ ከራሷ ቢጫ አበባ ካለው ጨርቅ ቆርጣ ከሥሩ እየቀጠለችለት ነበር። ሰማያዊና ቢጫው ጨርቅ መርፌው ሥር ተደራርበው ይገቡና ተያይዘው ይወጣሉ። ልጅቷ ጫማዋን እያሰረች አየችው፤ ያምራል ለማለት ግን ሞት ሆነባት።

ደጃፉ ላይ ጎረቤትየዋ ሽንኩርት በፌስታል አንጠልጥላ ከገበያ ስትመለስ አገኘቻት። ይህች ሴት ሰላምታዋ ሁሉ ዋጋ ነው። «ሽንኩርት የት እንደ ደረሰ አይተሻል? እንግዲህ ማልቀስ ያለብን ስንልጠው ሳይሆን ስንገዛው ነው» አለችና ወዲያው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዛሬ ነው አይደል ሙሽራው የሚገባው?» አለቻት።

«ዛሬ ነው።»

«ጓደኞቹ ‹ቀስ በቀስ› ነው አሉ የሚሉት፤ አነዳዱን አይተው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ የእናትሽ እንቁላል ግን ይኸው በአውቶቡስ መጣ!»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። እውነትም የተገናኙት አውቶቡስ ላይ ነው። እናትየው የተሰፋ ልብስ ተሸክማ ለደንበኞቿ ስታደርስ ፌርማታው ላይ ትዘገያለች፤ እሱ ደግሞ ሴትየዋ ከመንገዱ ማዶ ስትመጣ ካያት በሩን ከፍቶ ይጠብቃታል። ተሳፋሪ ያጉረመርማል፣ ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባ ይነፋል፣ እሱ መስታወቱን የሚያስተካክል ይመስላል። ይህን ለልጅቷ የነገረቻት እናትየው ናት፤ ስትነግራትም እንደ ልጃገረድ ፊቷን በእጇ ሸፍና ነበር።

ትምህርት ቤቱ ከጫማ መሸጫ በላይ ያለ አንድ ፎቅ ነው፤ ክፍሉ ሁልጊዜ የአዲስ ቆዳ ሽታ አይለየውም። ተማሪዎቿ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ከሥራ የሚመጡና ወደ ሥራ የሚሮጡ፣ አንዳንዶቹም የሌሊት ፈረቃ ጨርሰው ዓይናቸውን እያሹ የሚቀመጡ። የዕለቱ ትምህርት ከሳምንት በፊት የተያዘ ነው፤ እሷ አልመረጠችውም። ነገሮች አንድ ላይ ሲመጡ የሚባሉት ቃላት። ሰሌዳው ላይ ጻፈቻቸው፤ ጋዘር፣ ጆይን፣ ሚክስ፣ ኮላይድ፣ ኮንቨርጅ፣ መርጅ። የሁሉ ታላቅ የሆነችውን ሚትን፣ ተገናኝቶ መተዋወቅን፣ አልጻፈቻትም፤ እሷን መጀመሪያው ቀን ሁሉም ተምሯታል፣ ናይስ ቱ ሚት ዩ ተባብለው።

«ሁሉም መገናኘት ነው» አለች፤ «ግን ቃል ዘመድ እንጂ መንታ የለውም። ሚክስ ማለት ስኳርና ሻይ ነው። አንዴ ከተማሰለ ስኳሩን መልሱ ብትባሉ አትችሉም። ጆይን ግን እንደ ወንበር እግር ነው፤ ተጋጥሟል፣ ከተፈለገ ይነቀላል።»

«የእኛ ሆቴል ወንበር ሳይፈለግም ይነቀላል» አለች አስተናጋጇ።

«ጋዘርስ?» አለ ጥበቃው። ባንክ የሚጠብቅ፣ ከክፍሉ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ነው።

«ሰዎች ከየቤታቸው ወጥተው አንድ ቦታ ሲሰበሰቡ።»

«በፈቃድ ነው ያለ ፈቃድ?»

«ቃሉ ፈቃድ አይጠይቅም።»

«እኔ እጠይቃለሁ» አለ ጥበቃው፣ ክፍሉም ሳቀ። ኮላይድ ላይ ሲደርሱ፣ መጋጨትም መገናኘት ነው ወይ ብለው ተከራከሩ፤ እሷም ሳይፈላለጉ መገናኘት ነው አለቻቸው። ኮንቨርጅን በጠመኔ ሣለችው፤ ከሁለት ወገን የሚመጡ መንገዶች፣ ወደ አንድ ነጥብ እየተጠጉ፣ ገና ያልደረሱ። የክሊኒክ ነርስ የሆነችው ተማሪ ከኋላ እጇን አወጣች። የተሰበረ አጥንት ሲገጥም ምን ይባላል?

«አጥንትማ የራሱ ቃል አለው። ኒት ይላሉ። ሹራብ ሲሠራ የሚባለውን።»

ነርሷ ቃሉን ወደደችው፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ለራሷ ደገመችው። «እውነት ነው፤ እንደ ሹራብ ነው። ሁለቱን ጫፍ አቀራርበን እናስረዋለን፣ ከዚያ እሱ ራሱ ይሠራዋል። የሚያስቸግሩን የሚደብቁት ናቸው። ሰው ላለማስቸገር ደህና ነኝ እያሉ ስብራቱን ደብቀው ይቆዩና፣ ተወላግዶ ሲገጥም ይመጣሉ።»

«እኔም ልጠይቅ» አለ ጥበቃው። «ሁለት ቤት አንድ ሲሆንስ? የሞተባት የሞተበትን ስታገባ፣ ልጅም ዕቃም ይዘው?»

እሷም ሳታስብ «መርጅ» አለች። «ሁለት ድርጅት ሲዋሃድ እንደሚባለው። ትልቁ ትንሹን ይውጠዋል። የትንሹ ስም ከበሩ ላይ ይነሣል።»

«እንዲያማ ከሆነ ጋብቻ አይደለም፤ ጎርፍ ነው!» አለ ጥበቃው።

ሁሉም ሳቁ፤ እሷ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች። ቃሉን እንደ በደለችው ታውቃለች። ሁለት መንገድም መርጅ ያደርጋል፣ ማንም ማንንም ሳይውጥ፤ ይህን ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ አስተምራዋለች። አባቷ ቢሰማ ኖሮ ከንፈሩን ገጥሞ ይስቅና «ይሄ ፍቺ የመዝገበ ቃላቱ ነው የሆድሽ?» ይላት ነበር። ሰሌዳውን ጠረገች። ከክፍል ስትወጣ የኮምፒውተር መምህርቷ በረንዳው ላይ ቆማ፣ የቁልፍ ማያያዣ በጣቷ እያሽከረከረች ጠበቀቻት። «እህሳ፣ ወሰንሽ?» አለቻት። ልጅቷ መዳፏን ዘረጋች። ቁልፉ ቀዝቃዛ ነበር፤ በቦርሳዋ የጎን ኪስ ውስጥ ከተተችው። ከእራት በኋላ፣ ለእናቷ ቀስ ብላ ነግራት፣ ለጊዜው የሚበቃትን ልብስ ይዛ ልትወጣ ቆረጠች። መንገድ ላይ የምትለውን በልቧ አዘጋጀችው፤ ለትምህርት ቤቱ ይቀርበኛል፣ እናንተም ነፃነት ይኑራችሁ። ሁለቱም እውነት ነበሩ፤ ዋናው እውነት ግን እነሱ አልነበሩም።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሰፈር ደረሰች። በሩ ላይ ፒካፕ መኪና ቆሟል፤ ግማሹ ተራግፎ ግማሹ እንዳለ ነው። ሾፌሩ ቆቡን ገልብጦ ለብሶ የአልጋ ጎን ተሸክሟል፤ ከሌላኛው ጫፍ የፒካፑ ባለቤት ይዟል፤ እሱም ጡረታ የወጣ አውቶቡስ ነጂ፣ ሆዱ ከመሪው ጋር የማይስማማ ሰው። «ቀስ! ቀስ በቀስ! ለስምህ እንኳ እፈር እንጂ!» ይላል እየተነፈሰ። ቤት ውስጥ ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ሆኗል። ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ማንቆርቆሪያ፣ አንድ ሥራ የሚሠሩ ሁለት መጥረጊያ። ሰማያዊና ቢጫው መጋረጃ መስኮቱ ላይ ተሰቅሏል፤ ነፋስ ሲመጣ ከመገጣጠሚያው ይታጠፋል። የሾፌሩ የግድግዳ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ይቆጥራል፤ ከቤቱ ሰዓት ጋር አይስማማም፣ አንዱ ቀጭ ሲል ሌላው ቀጭ ለማለት እያሰበ ነው።

«መምህርት፣ እንኳን መጣሽ» አለ ሾፌሩ። «ኧረ አንቺ ተይው፣ ይከብድሻል።»

«ግድ የለም» አለች፤ ወንበር አንሥታ ገባች።

እናትየው ከወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ፊቷ ቀልቷል፣ የደስታ ይሁን የድካም አይታወቅም። ማዘዝ ያለባትም ማፈር ያለባትም መስሏት፣ አንዱን ጀምራ ሌላውን ትጨርሳለች። ሰዓቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሣችና ዙሪያውን ቃኘች፤ ዓይኗ ባዶው ሚስማር ላይ ደረሰ። ልጅቷ ወንበሩን እንደ ያዘች ቆመች።

«ሰዓትህን እዚያ እንስቀለው» አለች እናትየው ፈጠን ብላ። «ሚስማሩ እንደሁ አለ።»

ሾፌሩ ወደ ግድግዳው ዞረ። ነጩን አራት ማዕዘን አየው። ረጅም ጊዜ አየው። ቆቡን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀው ግራ የገባው ይመስል በእጁ አገላብጦ አየውና ኪሱ ውስጥ ጠቀጠቀው። «አይ፣ እዚያ አይሁን» አለ። «ፀሐይ ይመታዋል።»

ያ ግድግዳ ከተሠራ ጀምሮ ፀሐይ ነክቶት አያውቅም። መስኮቱ በሌላ ወገን ነው። እናትየው ይህን ታውቃለች፤ ልጅቷም ታውቃለች፤ ሾፌሩም መስኮቱ ራሱ አጠገብ ነው የቆመው። «እንደሱ ከሆነ ከበሩ በላይ ይሁን» አለች እናትየው፣ ሰዓቱንም እንደገና አጋደመችው። ልጅቷ ወንበሩን አስቀምጣ ቀሪ ዕቃ ላምጣ ብላ ወጣች።

ፒካፑ ላይ የቀረው ባልዲና የታሰረ ፍራሽ ነው። ባልዲውን ስታነሣ፣ በተከፈተው የጋቢናው በር፣ ከወንበሩ ጀርባ በአሮጌ የአውቶቡስ ነጂ ኮት የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር አየች። እጇን ሰደደች።

«እሱን ተይው የኔ ልጅ» አለ ባለፒካፑ፣ ጎማው ላይ ተደግፎ ላቡን እየጠረገ። «እሱ ከእኔ ጋር የሚመለስ ነው።»

«ምንድን ነው?»

ሰውየው ወደ ቤቱ በር ገልመጥ አለ። «የባለቤቱ ፎቶ ነው፤ የሟቿ። ነፍሷን ይማርና። ‹አንተ ቤት አስቀምጥልኝ› አለኝ። ለምን ብለው፣ ‹ልጅቷ አባቷን ያጣች ናት፤ የማታውቃትን ሴት እቤቷ ሰቅዬ እንዳይከፋት› ይለኛል።»

«የትኛዋ ልጅ?»

«የትኛዋ ትላለች እንዴ! አንቺ ነሻ።» አንገቱን ነቀነቀ። «ጠዋት ከግድግዳ ሲያወርዳት አብሬው ነበርኩ። ሰው እንዲህ አድርጎ ሲጠርግ አይቼ አላውቅም፤ መስታወቱ ሊሳሳበት ነው ብዬ ነበር።»

ኮቱን ገለጠችው። ፊቷ ክብ የሆነ፣ ወፍራም መነጽር ያደረገች ሴት፣ ሁሉንም ጥርሷን አውጥታ ስቃለች፤ ፎቶ አንሺው አትሳቂ ብሏት ይሆናል፣ አልሰማችውም። ልጅቷ ፎቶውን ወደ ብርሃን አዞረችው። ጠዋት እናቷ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ፣ ጥግ ጥጉን ስትጠርግ ታያት። በዚያው ጠዋት፣ በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሌላ ሰው በሌላ በርጩማ ላይ ቆሞ ኖሯል። አንዷ እሱን እንዳይከፋው፣ ሌላው ልጅቷን እንዳይከፋት፣ ይሉኝታ ይዟቸው ሁለት ሙታንን ከየቤታቸው አስወጥተዋል፤ አንዱ ብርድ ልብስ ሥር፣ አንዷ ወንበር ጀርባ። እሷም ራሷ ሦስተኛ ልትሆን ነበር፤ የጎን ኪስ ውስጥ ቁልፍ ደብቃ፣ ለትምህርት ቤቱ ይቀርበኛል ብላ። ነርሷ ያለችው ትዝ አላት። ደህና ነኝ እያሉ፣ ሰው ላለማስቸገር።

ፎቶውን ደረቷ ላይ ይዛ ገባች። እናትየው ሾርባው ላይ ጎንበስ ብላለች፤ ሾፌሩ የአልጋ እግር እያጠበቀ ነው። በመካከላቸው አልፋ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደች፤ በሩ አቃሰተ። ከብርድ ልብሱ ሥር አንሶላውን ጎትታ አወጣች። ስትመለስ ሁለቱም ቆመው ነበር። እናትየው ማማሰያውን እንደ ያዘች ነው፣ ከጫፉ ሾርባ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ሾፌሩ የያዘችውን ሲያይ ፊቱ ልጅ ሲያጠፋ እንደሚሆነው ሆነ።

«መምህርት፣ እሱን እኮ እኔ…» አለ፣ አልጨረሰውም።

ልጅቷ ሶፋው ላይ በጉልበቷ ወጣች። አባቷን ወደ ሚስማሩ መለሰችው፤ አራት ማዕዘኑ ላይ ልክክ አለ። ከዚያ ዞረች። ሳል አላደረገችም፤ ፊቱ ሄዳ አልቆመችም።

«ጋሼ» አለችው ካለችበት፤ «ሚስማር ይኖርዎታል?»

ሾፌሩ እጁን ወደ ሸሚዙ ኪስ ሰደደ፣ ስቶ ወደ ሱሪው ኪስ ሄደ፣ ቆቡን አወጣ፣ መለሰው፤ ከዚያ ከሸሚዙ ኪስ አንድ ረጅም ሚስማር አገኘ። ጠዋት ከራሱ ግድግዳ የነቀለው፣ የሟቿ ፎቶ ተሰቅሎበት የነበረው ነው። ባለፒካፑ መዶሻ ይዞ በሩ ላይ ብቅ አለ። የመጀመሪያው ምት ሚስማሩን አጎበጠው። «ቀስ በቀስ!» ብሎ ጮኸ ባለፒካፑ። ሾፌሩ አቃንቶ እንደገና መታ፤ ቀለሙ ፈረፈር ብሎ በልጅቷ ትራስ ላይ ወደቀ፣ ሚስማሩም ያዘ፤ የሴትየዋንም ፎቶ ሰቀለው። «ትንሽ ወደ ቀኝ» ትላለች እናትየው ከኋላ፤ «አይ፣ ጎንበስ አለች፣ እኩል አድርጋት፣ እኩል።» ማማሰያውን አስቀምጣ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

ጎን ለጎን ሆኑ። ከንፈሩን ገጥሞ የሚስቀው ሰውና ጥርሷን ሁሉ አውጥታ የምትስቀው ሴት፤ እሷ ቀልድ ተናግራ እሱ ሳቁን ሊይዝ የሚታገል ይመስላል። በሕይወት እያሉ አይተዋወቁም። ምናልባት አንድ ቀን በዚያው አውቶቡስ ተሳፍረው፣ አንዱ ለአንዷ ቦታ ለቆ ይሆናል፤ እግዚአብሔር ያውቃል። እናትየው ቀረብ ብላ የሴትየዋን መስታወት በመዳፏ ነካችው። «እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ» አለቻት። «ቤቱ ጠባብ ነው፤ አትቀየሚን።»

ሾፌሩ ግን አባትየው ፊት ነው የቆመው፤ ቀጥ ብሎ፣ ሸሚዙን አስተካክሎ፣ ፈተና ላይ እንዳለ ሰው። «መምህርት» አለ በሹክሹክታ፣ «ሰው ከሰው መጀመሪያ ሲተዋወቅ በእንግሊዝኛ የሚባለው እንዴት ነበር? እንግሊዝኛ ነፍሱ ነበር ብላኛለች እናትሽ።»

ልጅቷ ይህን አረፍተ ነገር ለስንት ክፍል ስንት ዓመት አስተምራዋለች፤ አንድም ቀን እንዲህ ከባድ ሆኖ አያውቅም። ቀስ አድርጋ፣ ቃል በቃል ነገረችው።

«ናይስ… ቱ… ሚት ዩ» አለ ሾፌሩ ለፎቶው፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ እርግጠኛ ስላልሆነ በአማርኛ ጨመረበት። «አደራህን እጠብቃለሁ።»

ሰሌዳው ላይ ካሰፈረቻቸው ቃላት አንዱም ለዚህ አልሆነም። የሆነችው ያልጻፈቻት ናት። ሚት ማንም ማንንም እንዲውጥ አትጠይቅም፤ የማንም ስም ከበር ላይ አይነሣባትም። ፊት ለፊት መቆም ብቻ ነው የምትፈልገው። ሌላው ሁሉ፣ መጋጠሙም መዋሃዱም፣ ከእሷ በኋላ በጊዜው የሚመጣ ነው።

ባለፒካፑ ልሂድ ሲል እናትየው እጁን ይዛ አስቀረችው፤ ሾርባ ሳይቀምስ የት አባቱ እንደሚሄድ ጠየቀችው። ከሁለቱ ጠረጴዛዎች አንዱን መርጠው ዙሪያውን ተቀመጡ፤ የወንበር እጥረት ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቤት ጠፋ። ሁለቱ ሰዓቶች እየተቀዳደሙ ይቆጥራሉ። «የትኛው ነው ትክክሉ?» አለ ባለፒካፑ። «የእኔ» አለ ሾፌሩ። «እንግዲያው ዘግይተናል ማለት ነው» አለ ያኛው፣ እናትየውም ሳቋ መጥቶ ዳቦው አነቃት። ቦታ ልታስፋ የልጅቷን ቦርሳ ከወንበሩ ላይ ስታነሣ ከጎን ኪሱ አንድ ነገር ወድቆ ሲሚንቶው ላይ ጮኸ።

«ይሄ የምን ቁልፍ ነው?» አለች፣ አንሥታ እያየችው።

«የሰው ነው እማ» አለች ልጅቷ። «ነገ እመልሰዋለሁ።»

እናትየው ቁልፉን አየች፤ ልጇን አየች፤ ቀና ብላም ግድግዳውን አየች። ቁልፉን ወደ ኪሱ መልሳ ዚፑን ዘጋችው፤ ከዚያ፣ ልጅቷ ጨምሪልኝ ሳትላት፣ ሳህኗን ወስዳ እስከ አፉ ሞላችው።